ከብርሃኑ በፊት የጥላው ቦታ፦ ስለ ጌም ዋልፔፐር ሬንደር

የሚወዱትን የጌም ገጸ ባሕርይ ወስደው ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ዋልፔፐር (የስክሪን ዳራ ምስል) የሚሠሩ የድሬዳዋ ልጆች ሥራቸውን ለአስተያየት ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጉድለት አያለሁ። ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ አቋቋሙ ተደክሞበታል፤ ልብሱና መሣሪያው እስከ ጥቃቅን ጭረቱ ድረስ ይታያል። ምስሉ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበትን አጥቶ ይንከራተታል። ሠሪው ራሱ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው መፍትሔ ሌላ መብራት መጨመር ነው፤ ያም ካልበቃው ሌላ ይደግማል። በመጨረሻ ገጸ ባሕርዩ ከግራም ከቀኝም ከላይም እኩል ይበራና ቆዳውም ብረቱም ጨርቁም ከአንድ ፕላስቲክ የተሠሩ ይመስላሉ።

እኔ መብራት ከመትከሌ በፊት ጥላው የት እንደሚወድቅ እወስናለሁ። ዋልፔፐር ከፖስተርም ከፎቶግራፍም የሚለይበት ባሕርይ አለው፤ ባለቤቱ ምስሉን ሙሉውን የሚያየው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሌላ ሥራ እስኪጀምር ባለው አጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውጪ የፋይል ምልክቶች፣ ሰዓት፣ የመልእክት ማሳወቂያና የተከፈቱ መስኮቶች ይደረደሩበታል። ስለዚህ በምስሉ ውስጥ ሰፊና ዝርዝር ያልበዛበት ቦታ መኖር አለበት፤ ይህን ቦታ ሳያስገድድ የሚሰጠው ጥላ ነው። ጥላው በገጸ ባሕርዩ አካል ላይ ሲያርፍ የአካሉን ውፍረትና ክብደት ያሳያል፤ ከአካሉ አልፎ ወደ ዳራው ሲዘረጋ ደግሞ ለምልክቶቹ ማረፊያ ይሆናል። ብርሃንን በአንድ ትምህርት፣ ቅንብርን በሌላ ትምህርት ለይተው የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች የማይጥሙኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ብሌንደር አዲስ ፋይል ሲከፍት ዓለሙን (ትዕይንቱን የከበበውን ባዶ ቦታ) ደብዘዝ ባለ ግራጫ ይሞላዋል፤ ይህ ግራጫ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላን ሁሉ በጥቂቱ ያነጣዋል። በመጀመሪያ እሱን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ማድረግ ይገባል። ቀጥሎ በቪው ሌየር ማስተካከያ ውስጥ በሚገኘው የማቴሪያል መተኪያ ሁሉንም ነገር አንድ ግራጫ ማልበስ ነው፤ ቀለሙና ቴክስቸሩ (በሞዴሉ ላይ የተለበጠው ምስል) ከተሸፈነ ዓይን በቀይ ካባ ወይም በሚያብረቀርቅ ጎራዴ አይታለልም፤ የሚታየው ብርሃኑ የሠራው ሥራ ብቻ ይሆናል። ከዚያ አንድ ኤሪያ ላይት (ብርሃኑ ከሰፊ ገጽ የሚወጣ መብራት) ተክሎ በገጸ ባሕርዩ ዙሪያ እያዞሩ፣ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ እያንዳንዱን አቀማመጥ በትንሽ መጠን ሬንደር አድርጎ (ትዕይንቱን ወደ ምስል ቀይሮ) ማስቀመጥና ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል። በአንድ መብራት ፊቱ ካልተነበበና እጁ ከደረቱ ካልተለየ ሁለተኛውና ሦስተኛው መብራት አያድኑትም። ብዙ ጀማሪዎች የሦስት መብራት አደራደር የሚባለውን፣ ማለትም ዋናውን፣ ደጋፊውንና የጀርባውን፣ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይተክላሉ፤ የትኛው ምን እንዳመጣ ሳይለዩም የየመብራቱን ጉልበት ሲጨምሩና ሲቀንሱ ይውላሉ።

የዋናውን ብርሃን አቅጣጫ ለመማር ከከተማችን የተሻለ ቦታ አላውቅም። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት አለፍ ሲል ከፊት ለፊቱ የሚመጣን ሰው ልብ ብሎ የተመለከተ፣ ቅንድብ ዓይንን እንዴት እንደሚያጨልም፣ የአፍንጫ ጥላ ወደ ከንፈር እንዴት እንደሚወርድ፣ አናትና ትከሻ ግን ዓይን እስኪወጉ ድረስ እንደሚያበሩ ያያል። ሰን ላይትን (ፀሐይን የሚተካውን የብሌንደር መብራት) ከላይ ሰቅለው የተዉ ዋልፔፐሮች የሚያሳዩት ይህንኑ ፊት ነው። ፎቶ አንሺ በቀትር ደንበኛውን ወደ ዛፍ ጥላ የሚያስጠጋውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራት ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ ማዕዘን የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን 3.7 እጥፍ ስለሚረዝም ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ ተዋጊ 6.7 ሜትር ገደማ የሚደርስ ጥላ መሬት ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለ ጥላ ራሱን የቻለ የቅንብር መሣሪያ ነው። ካሜራው ጥላው በሚወድቅበት በኩል ከተቀመጠ ጥላው ከምስሉ የታችኛው ጥግ ተነሥቶ ዓይንን ወደ ገጸ ባሕርዩ እግር፣ ከእግሩም ወደ ፊቱ ይመራል፤ ካሜራው በተቃራኒው ወገን ከሆነ ግን ጥላው ከገጸ ባሕርዩ ኋላ ተደብቆ ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል። በብሌንደር 2.90 እትም ኒሺታ በሚል ስም የገባው የሰማይ ሞዴል የፀሐይን ከፍታ፣ ከባሕር ወለል ያለውን ርቀትና የአቧራውን መጠን ተቀብሎ የብርሃኑን ቀለም ራሱ ያሰላል። እኔ ከፍታውን ወደ 15 ዲግሪ፣ ከባሕር ወለል ያለውን ርቀት የከተማችንን ያህል 1,200 ሜትር አድርጌ፣ አቧራውን ትንሽ ከፍ በማድረግ እጀምራለሁ፤ ብርቱካናማ ቀለም በእጅ መርጦ ከመቀባት ይልቅ ይህ መንገድ ጥላውንም በሰማዩ ሰማያዊነት ስለሚያቀዘቅዘው ሙቁና ቀዝቃዛው ቀለም ሳይጣሉ አብረው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ የጥላው ጠርዝም ሊታሰብበት ይገባል። እውነተኛዋ ፀሐይ ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ከፍ ያለ ብቻ ስለሆነ የምትጥለው ጥላ ጠርዙ የተሳለ ነው። ሰን ላይቱን ወደ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ማስፋት ቀጭን ደመና የሸፈናት ፀሐይ ያስመስለዋል። ለኤሪያ ላይትም ሕጉ ያው ነው፤ የጥላውን ልስላሴ የሚወስነው መብራቱ ከገጸ ባሕርዩ ቦታ ሆኖ ሲታይ ያለው ስፋት ስለሆነ፣ ትልቅ መብራት በጣም ከራቀ እንደ ትንሽ መብራት ይቆጠራል።

ስለ ከተማችን የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዛፎቹ ሥር በአስፋልቱ ላይ የሚበታተነው የብርሃን ነጠብጣብ ለዋልፔፐር በጣም የሚያምር ነገር ሲሆን በአግባቡ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በመብራቱና በገጸ ባሕርዩ መካከል ካሜራው የማያየው ቦታ ላይ የቅጠል ቅርጽ የተቆረጠበት ሉህ ወይም እውነተኛ የዛፍ ሞዴል ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። የሚበላሸው ነጠብጣቡ በፊቱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ግማሽ ዓይን በርቶ ግማሹ ከጨለመ ተመልካቹ ገጸ ባሕርዩን ከመለየቱ በፊት ነጠብጣቡን መፍታት ይጀምራል። ስለዚህ ፊቱን በአንድ ሰፊ የብርሃን ክፍተት ውስጥ አኑሮ ነጠብጣቡን ለትከሻ፣ ለደረት፣ ለመሬትና ለግድግዳ መተው ይሻላል።

ዳራን ለማጨለም ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከሬንደር በኋላ በፎቶ ማስተካከያ ጠርዙን ማጥቆር ነው። ይህ ግን በመብራቱ ርቀት ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። የአንድ መብራት ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከመብራቱ 4 ሜትር ቢርቅ፣ ግድግዳው የሚያገኘው ፊቱ ካገኘው ብርሃን አሥራ ስድስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ያንኑ መብራት ከፊቱ 4 ሜትር አርቆ ግድግዳውን ባለበት መተው ግድግዳው የፊቱን ብርሃን አንድ ሦስተኛ ያህል እንዲያገኝ ያደርገዋል። ገጸ ባሕርዩ ከጨለማ እንዲወጣ የሚፈልግ መብራቱን ያስጠጋዋል፤ ቦታው ራሱ እንዲነበብ የሚፈልግ ያርቀዋል። ሰን ላይት በርቀት ስለማይቀንስ ይህ ዘዴ በእሱ ላይ አይሠራም፤ በሰን ላይት ጊዜ ዳራውን የሚያጨልመው የሕንፃ ወይም የተራራ ጥላ ነው።

ደጋፊውን ብርሃን በተመለከተ ከመብራት ይልቅ ግድግዳ እመርጣለሁ። ሐረር ወጥቶ በጁገል ጠባብ መንገዶች የተመላለሰ ሰው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ በተቀቡት ግድግዳዎች መካከል የሚያልፍ ሰው ፊት በየግድግዳው ቀለም ሲነካ ማየቱ አይቀርም፤ ፀሐይ የመታችው ግድግዳ ብርሃኑን ከራሱ ቀለም ጋር መልሶ ስለሚልከው በጥላ ውስጥ ያለችው ጉንጭ ባዶ ጥቁር አትሆንም። እዚያው ሐረር የገባሁበት አንድ ነባር ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ በአብዛኛው በበሩ ብቻ ይገባ ነበር፤ በር አጠገብ የተቀመጠው ሰው ግማሽ ፊቱ ሲበራ፣ ሰፌዶቹና ጎድጓዳ ሳህኖቹ የተደረደሩበት የውስጠኛው ግድግዳ ወደ ጥላ እየገባ በዝግታ ይጠፋ ነበር። አንድ ምንጭ፣ አንድ መላሽ ግድግዳ፣ ቀስ ብሎ የሚሞት ዳራ፤ ለዋልፔፐር ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ የመብራት ዝግጅት ያለ አይመስለኝም።

ሳይክልስ የተባለው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ የብርሃንን ጨረር ከገጽታ ወደ ገጽታ ሲነጥር ስለሚከታተል ይህን የቀለም መመለስ ራሱ ይሠራዋል፤ ከካሜራ ውጪ አንድ ቀለም የተቀባ ሉህ ማቆም ብቻ በቂ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ደካማ የሆነበት ሰው ኢቪ በተባለው ፈጣኑ ማድረጊያ ሲሠራ ግን የነጠረውን ብርሃን በራሱ መተካት ይኖርበታል፤ ግድግዳው ባለበት ቦታ የግድግዳውን ቀለም የያዘ፣ ሰፊና ጉልበቱ ከዋናው መብራት በብዙ ያነሰ ኤሪያ ላይት ማስቀመጥ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

እስካሁን ያልሁት ለማንኛውም ሬንደር የሚሆን ነው። ከጌም የተወሰደ ሞዴል ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ መብራቱን በትክክል ተክለው ምስሉ ለምን እንደሚያስጠላ የማይገባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የድሮ ጌሞች ኮንሶሉ ብርሃንን በዝርዝር ማስላት ስለማይችል ጥላውን ቴክስቸሩ ላይ ይስሉት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስካሁን በየጌም ቤቱ የማይረሳውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ብንወስድ የሸሚዙ እጥፋት፣ ከአገጭ በታች ያለው ጥቁረት፣ የጡንቻው ጎድጓድ ሁሉ በቀለም የተሳለ ነው፤ የተሳለውም ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። በእንዲህ ያለ ሞዴል ላይ ከታች ወይም ከጎን ብርቱ ብርሃን ሲጣል የተሳለው ጥላና አዲሱ ጥላ ይጋጫሉ። መፍትሔው ወይ ቴክስቸሩን በፎቶ ማስተካከያ አንስቶ የተሳሉትን ጥላዎች ማቅለል፣ ወይም የተሳለውን አቅጣጫ አክብሮ ዋናውን ብርሃን ከላይ ከፊት በኩል በ45 ዲግሪ ገደማ ማምጣት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የድሮ ሞዴል ውበቱ በዚያ በተሳለው ጥላ ውስጥ ስለሆነ ጨርሶ ቢጠፋ የሚያሳዝን ነው።

በአዲሶቹ ጌሞች ሞዴል ላይ የሚያጋጥመው ደግሞ የኖርማል ማፕ ጉዳይ ነው። ኖርማል ማፕ የጥቃቅን ጉብታዎችንና ጎድጓዶችን አቅጣጫ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚመዘግብ ምስል ሲሆን አረንጓዴው የላይና ታች አቅጣጫን ይይዛል። ብሌንደር ይህን አረንጓዴ በኦፕን ጂኤል ልማድ ያነበዋል፤ ብዙ ጌሞች የሚሠሩበት አንሪል ኢንጂን ደግሞ በዳይሬክት ኤክስ ልማድ፣ ማለትም በተገላቢጦሽ ይጠቀማል። ከአንሪል ጌም የወጣ ሞዴል ሳይስተካከል በቀጥታ ወደ ብሌንደር ሲገባ የጋሻው ጉብታ ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳው ጉብታ ይሆናል፤ ገላው ከላይ ሲበራ ጥቃቅኑ ዝርዝር ከታች የበራ ይመስላል። ተመልካች ስህተቱን በስም ባይጠራውም ምስሉ ይረብሸዋል። የሚፈታው ቀለሙን በሦስት ከፍሎ አረንጓዴውን ብቻ በመገልበጥና መልሶ በማዋሐድ ነው። በተጨማሪም የኖርማልና የሸካራነት ማፖች ከለር ስፔሳቸው (ቁጥሮቹ የሚነበቡበት የቀለም ስሌት) ቀለም አልባ ወደሚለው አማራጭ መቀየር አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ብሌንደር ቁጥሮቹን እንደ ተራ ቀለም አድርጎ ስለሚተረጉማቸው የብረቱ ነጸብራቅ ያለ ቦታው ይወጣል።

ዓይንም አለ። ጌሞች ለዓይን የሚሰጡት ብልጭታ ብዙ ጊዜ ከጌሙ ኢንጂን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሞዴሉ ወደ ብሌንደር ሲመጣ ጠፍቶ ይቀራል፤ ውጤቱም የሞተ ሰው ዓይን ነው። በዓይኑ ላይ ቀጭን ብርሃን አሳላፊ ንጣፍ ማልበስና ከካሜራው በላይ ትንሽ የሚያበራ ሉህ ሰቅሎ ብሌንደር በነጸብራቅ ብቻ እንዲያየው ማድረግ ፊቱን ሕያው ያደርገዋል። ከብሌንደር 4.0 ወዲህ በሳይክልስ አንድን መብራት ከተመረጠ አካል ጋር ብቻ ማያያዝ ስለሚቻል ይህ ሥራ ይበልጥ ቀልሏል። ይህ ትንሽ ነጥብ ከሁሉም መብራት በላይ ዓይንን ይስባል፤ በሁለቱም ዓይኖች በአንድ አቅጣጫ መሆኑን ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማይንክራፍት ለሚሠሩ ልጆች ለብቻው የምለው አለ። በማይንክራፍት ሁሉም ነገር ኩብ ነው፤ የኩብ ገጽታ ጠፍጣፋ ስለሆነ በሩቅ ብርሃን ሲመታ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ብሩህነት ይይዛል። በአንድ ጊዜ የሚታዩት ሦስት ገጽታዎች፣ ማለትም የላይኛው፣ የግራና የቀኝ፣ ሦስት የተለያዩ የብሩህነት ደረጃዎች ካልያዙ ኩቡ ባለ ስድስት ማዕዘን ወረቀት ይመስላል። መብራቱን በሁለቱ የጎን ገጽታዎች መካከል በትክክል ማስቀመጥ ሁለቱን እኩል ስለሚያበራ መወገድ ያለበት ነው፤ ወደ አንዱ ማድላት አለበት። የገጸ ባሕርዩ ቆዳ ፋይል 64 በ64 ፒክስል ብቻ ስለሆነም የቴክስቸሩን አነባበብ ብሌንደር ፒክስሎቹን እንዳያደበዝዝ ወደሚያደርገው አማራጭ መቀየር ግድ ነው።

የጀርባ ብርሃንን እንደ ቅመም የሚያበዙት ብዙ ናቸው። በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ወገን ሮዝ ኒዮን የሚያበራ ጠርዝ ዛሬ ዛሬ ከጌም ዋልፔፐር የማይለይ ሆኗል፤ በእኔ ዓይን ግን ገጸ ባሕርዩን ከቦታው ነቅሎ በአየር ላይ ይሰቅለዋል፤ በዳራው ውስጥ የዚያ ብርሃን ምንጭ የለምና። ጠርዝ የሚያበራ ብርሃን መነሻ ሥራው ቅርጽን ከዳራ መለየት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቲም ፎርትረስ 2 የተባለ ጌም የሠሩት የቫልቭ ባለሙያዎች የአሠራራቸውን ዘዴ በጽሑፍ ባቀረቡበት ጊዜ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከሩቅ በአካሉ ቅርጽ ብቻ እንዲለይ መደረጉንና የጠርዙ ብርሃን ይህን ቅርጽ ለማጉላት መታሰቡን አስረድተዋል። ስለዚህ ጨለማ ፀጉር በጨለማ ዳራ ላይ ካለ የጀርባ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ብሩህ ካባ በጨለማ ዳራ ላይ ካለ አያስፈልገውም። ምንጩም በምስሉ ውስጥ ሊታመን የሚችል፣ ለምሳሌ ጨረቃ፣ እሳት ወይም የተከፈተ በር መሆን አለበት።

ወደ ክፈፉ ልምጣ። በዊንዶውስ የፋይል ምልክቶች ሳይነኩ ከተተዉ ከግራ ይደረደራሉ፤ በማክ ከቀኝ ይጀምራሉ፤ በስልክ ሰዓቱ ከላይ ይቀመጣል። ለዊንዶውስ ስሠራ ገጸ ባሕርዩን በቀኝ በኩል ባለው ሦስተኛ ክፍል አቁሜ ወደ ግራ እንዲመለከት አደርጋለሁ፤ ዋናው ብርሃን ከቀኝ ከመጣ ጥላው ወደ ግራ ሄዶ ምልክቶቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ያረጋጋዋል። ክፈፉን በሦስት እኩል ክፍል የሚከፍለው የሦስትዮሹ ሕግ መነሻ እንጂ ሃይማኖት አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆመ፣ ሚዛኑ ከግራና ከቀኝ እኩል የሆነ ጭራቅ መሐል ላይ ቢቀመጥ ያስፈራል እንጂ አያስቀይምም። ዳራ ውስጥ ያሉ መስመሮችም በጥንቃቄ መመረጥ አለባቸው። በድሮው የባቡር ጣቢያችን ሐዲድ ላይ ቆሞ ወደ ሩቅ የተመለከተ ሁለት መስመሮች እንዴት ወደ አንድ ነጥብ እንደሚገናኙ ያውቃል፤ ያ ነጥብ ከገጸ ባሕርዩ ራስ ጀርባ ሲውል ዓይን ወደ ፊቱ ይሄዳል፤ ከራሱ አጠገብ ወደ ባዶ ቦታ ሲውል ግን ዓይንን ይሰርቃል።

ለስልክ የሚሆነውን ከኮምፒውተሩ ምስል ቆርጦ ማውጣት የማይሆን መሆኑን አንድ ስሌት ያሳያል። 3840 በ2160 ፒክስል የሆነ ምስል ወደ 9 በ20 የስልክ ቅርጽ ሲቆረጥ ቁመቱ ሙሉ ቢቀር እንኳ ስፋቱ 972 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከዋናው ስፋት ሩብ ገደማ ነው። በዚያ ሩብ ውስጥ ጎራዴውም ክንፉም ጥላውም አይገቡም። ብሌንደር በአንድ ፋይል ብዙ ካሜራ ስለሚቀበል ለስልክ ሌላ ካሜራ ማቆምና ገጸ ባሕርዩን ወደ ታችኛው ሁለት ሦስተኛ አውርዶ የላይኛውን ለሰዓቱ ማጨለም ይሻላል። መብራቱም ዳግም መታሰብ አለበት፤ ወደ ጎን የሚዘረጋ ጥላ በቁመታም ክፈፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌንስን በአጭሩ ለመናገር፣ ብሌንደር የሚጀምረው በ50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለፊትና ለደረት 85 አካባቢ ፊቱን ሳያጣምም ያወጣዋል፤ ካሜራውን አቅርቦ በ24 መሥራት አፍንጫን ያገዝፋል፤ ከጉልበት ከፍታ ወደ ላይ ለሚታይ ግዙፍ ጭራቅ ግን ይኸው 24 በጣም ያምርበታል። ሬንደሩን ከመጀመር በፊት ገጸ ባሕርዩን ሙሉ ጥቁር፣ ዳራውን ሙሉ ነጭ አድርጎ ማየት መሣሪያው ከአካሉ መለየቱን፣ የአድማሱ መስመር አንገቱን አለመቁረጡን፣ የጎራዴው ጫፍ ከክፈፉ ጠርዝ ጋር አለመነካካቱን ያሳያል። ጫፉ ወይ በግልጽ ይውጣ ወይ በግልጽ ይግባ።

ቀለሙን ከመፍረድ በፊት ብሌንደር ብሩህነትን በምን መንገድ ወደ ስክሪን እንደሚያመጣው ማወቅ ይጠቅማል። ከ2.80 ጀምሮ ፊልሚክ፣ ከ4.0 ጀምሮ ደግሞ ኤጂኤክስ የተባለው መንገድ መነሻ ሆኗል። ሁለቱም በጣም የበራን ቀለም ወደ ነጭ ያደበዝዙታል። የገጸ ባሕርዩ መለያ የሆነው ቀይ ካባ ሲገረጣ ብዙዎች የቀለሙን ድምቀት ይጨምራሉ፤ ትክክለኛው እርምጃ ግን በካባው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን መቀነስ ነው። እዚያው ያለው ፎልስ ከለር የሚባል አማራጭ እያንዳንዱን የብሩህነት ደረጃ በተለያየ ቀለም ስለሚያሳይ ከሁሉም የበራው ቦታ ፊቱ ይሁን ወይስ በስህተት የጫማው ብረት በግልጽ ይለያል። ምስሉን በጣም አሳንሶና ቀለሙን አጥፍቶ ማየትም ያንኑ ሥራ ያለ ምንም መሣሪያ ይሠራል።

ርቀትን ለማሳየት ጭጋግ የሚያበዙ ሰዎች በሳይክልስ የጭጋግ ሬንደር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ያውቁታል። የሚስት ፓስን (የነገሮችን ርቀት የሚያሳየውን ተጨማሪ ምስል) አውጥቶ በኮምፖዚተር (ከሬንደር በኋላ ምስል በሚስተካከልበት የብሌንደር ክፍል) ውስጥ ሩቁን ነገር ከሰማዩ ቀለም ጋር ማደባለቅ እጅግ ርካሽ ነው። የብርሃን ጨረር በአቧራ ውስጥ ሲያልፍ እንዲታይ ከተፈለገ ግን እውነተኛው ጭጋግ ይቀራል ማለት አይቻልም።

ጨለማ ያለበት ምስል ኖይዝ (የተበታተነ የነጠብጣብ ጉድለት) ይበዛበታል፤ ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ የሳምፕሉን (ለአንድ ፒክስል የሚሰላውን የጨረር) ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 3840 በ2160 ከ1920 በ1080 አራት እጥፍ ፒክስል እንዳለው ሲታሰብ የድሬዳዋ ሙቀትና የመብራት መቋረጥ የሥራው አካል መሆናቸው አይቀርም። እኔ ትልቁን ሬንደር የምጀምረው አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌሊት ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በ3.2 እትም የገባው የላይት ግሩፕ አሠራር ነው፤ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ተቀርጾ ስለሚወጣ የጀርባውን ብርሃን ለመቀነስ ወይም የዋናውን ቀለም ለማሞቅ ከሬንደር በኋላ በኮምፖዚተር ማስተካከል ይበቃል፤ ሌላ ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም። ዲኖይዘሩን (ኖይዝ አጥፊውን) ስጠቀም የአልቤዶ (ያለ ብርሃንና ጥላ የገጽታው ቀለም) እና የኖርማል መረጃ እንዲሰጠው አደርጋለሁ፤ ያለዚያ የጨርቁን ድርና ማግ ኖይዝ መስሎት ያጠፋዋል።

በጥላው ሰፊ ቦታ ላይ የሚመጣው የመጨረሻ ችግር ባንዲንግ የሚባለው ነው፤ ከጨለማ ወደ ትንሽ ብርሃን የሚሄደው ሽግግር በ8 ቢት ምስል ውስጥ በቂ ደረጃ ስለማያገኝ እንደ ጠባብ ጠባብ ቀለበት ይታያል። ዲዘሩን (የቀለም ደረጃዎችን በጥቃቅን ነጥቦች የሚያደባልቀውን አማራጭ) ሳያጠፉ እንዳለ መተውና ጥቂት የፊልም ቅንጣት መጨመር ቀለበቶቹን ይሰብራቸዋል፤ መሥሪያው ፋይል በ16 ቢት ፒኤንጂ፣ የሚሠራጨው ደግሞ ከእሱ የወጣ ይሁን። ለጓደኛ በቴሌግራም ሲላክ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ መላክ አለበት፤ በፎቶ መልክ ሲሄድ ይጨመቅና ያ ሁሉ የተደከመበት ጥላ እንደገና ቀለበት ይሆናል። በምስሉ ጥግ ወይም በመግለጫው ላይ ሞዴሉ የየትኛው ጌም እንደሆነና ወደ ብሌንደር ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ መጻፍም ይገባል፤ አንዳንድ ሞዴል አዘጋጆች ሥራቸው ለሽያጭ እንዳይውል ይከለክላሉና ፋይሉን ከማውረድ በፊት የተጻፈውን የአጠቃቀም ሁኔታ ማንበብ ያስፈልጋል።